የሦስት ጣት ተኩል ክፍተት

ዛሬ ማታ ልጄን ካስተኛሁ በኋላ እንደ ወትሮው ምንጣፉ ላይ በጀርባዬ ተጋደምሁ፤ ጉልበቶቼን አጥፌና ጭንቅላቴን በጥቂቱ ቀና አድርጌ ጣቶቼን እምብርቴ ላይ አሳረፍሁ። ከወሊድ በኋላ ተለያይተው በቀሩት የሆዴ ጡንቻዎች መካከል ሁለት ጣት ብቻ ገባ። ከአራት ወር ገደማ በፊት እዚሁ ቦታ ላይ ሦስት ጣት ተኩል ይገባ ነበር፤ ያኔ ከጣቶቼ ሥር እንደ ሊጥ ይሰምጥ የነበረው ቦታ አሁን ሲጫኑት መልሶ ይገፋል። እስከዚህ ቀን ድረስ ያለፍሁበትን ሳልረሳው ልጽፈው ወደድሁ።

ልጄ ክርስትና የተነሣችው በ80ኛው ቀን ነበር። የሐበሻ ቀሚሴን መቀነት የቻልሁትን ያህል አጥብቄ ብታጠቅም ሆዴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር አስመስሎኝ ስለነበር፣ አንዲት አክስቴ ከእንግዶች መካከል ጎንበስ ብላ «ልጄ፣ ደገምሽ እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፉ አስባ አልነበረም፤ እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ጥፋቱን በአራስ ቤት በበላሁት ገንፎና በጠጣሁት አጥሚት ላይ አድርጌ፣ እያጠባሁ ምግብ ቀነስሁ። ከዚያም ስልኬ ላይ ባየሁት ቪዲዮ መሠረት በጀርባ ተኝቶ ብድግ የማለት ስፖርት ጀመርሁ። ብድግ ባልሁ ቁጥር ከደረቴ ሥር እስከ እምብርቴ እንደ ድንኳን አናት የሾለ ነገር ይነሣ ነበር፤ ወገቤም ከቀን ወደ ቀን ይብስበት ጀመር።

ልጄ አምስት ወር ሲሞላት ከቱሉ ዲምቱ ሁለት ታክሲ ይዤ፣ በቃሊቲ አልፌ ከተማ ውስጥ ወደሚገኝ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ሄድሁ። ባለሙያዋ በመጀመሪያ አቁማም አስተኝታም እምብርቴ አካባቢ የሚገፋ እብጠት መኖር አለመኖሩን አየች፤ ኸርኒያ፣ ማለትም አንጀት ወይም ስብ በሳሳ የሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ መግፋቱ፣ ቢሆን መንገዱ ሌላ ነውና። ቀጥሎ በጣቶቿ ለካችና «የሆድሽ ጡንቻዎች ተለያይተዋል» አለችኝ፤ የሕክምና ስሙም ዳያስታሲስ ሬክታይ እንደሚባል ነገረችኝ። ከጎድን አጥንት እስከ ብልት አጥንት ቁልቁል የሚወርዱትን ሁለቱን ጡንቻዎች መሐል ላይ የሚያገናኛቸው ጠንካራ ስስ ነገር አለ፤ ማሕፀን እያደገ ሲሄድ የእርግዝና ሆርሞኖች ያለሰለሱት ይኸው ማያያዣ ይለጠጣል። «አልተቀደደም፣ ተለጥጦ ነው» ያለችኝ ጊዜ ከደረቴ ላይ ሸክም የወረደ ያህል ተሰማኝ። በብዙ እናቶች ክፍተቱ ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራሱ ይጠባል፤ በአንዳንዶቻችን ግን እንደሰፋ ይቀራል። ይህ ስብ አልነበረም፤ ስንፍናም አልነበረም።

የመጀመሪያው ትምህርት መተንፈስ ብቻ ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያንን ሁሉ መንገድ የሄድሁት ለዚህ ነው ወይ ብዬ ከፍቶኝ ነበር። አየር ሳስገባ የጎድን አጥንቶቼ ወደ ጎን እንዲከፈቱ፣ ሳስወጣ ደግሞ ሽንት እንደሚይዝ ሰው የዳሌዬን ወለል፣ ማለትም ፊኛንና ማሕፀንን ከሥር የሚደግፉትን ጡንቻዎች፣ ወደ ላይ ስቤ፣ ከዚያ ከእምብርት በታች ያለውን ሆዴን ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ እንድሰበስብ አዘዘችኝ። ቀላል የሚመስለው ይህ ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ እምቢ አለኝ፤ ሆዴን ስሰበስብ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ትንፋሼን ስለቅ ሆዴ ይለቃል። ከሁሉም ጡንቻ በታች ሆኖ ወገብን ዙሪያውን የሚያቅፍ አንድ ጡንቻ እንዳለና የምንፈልገው እሱን መቀስቀስ እንደሆነ ባስረዳችኝ ቀን ግን ነገሩ ገባኝ። ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ እኔስ በነጠላ ሳስርሽ ታጠቂ ያልሁሽ ይህንኑ አይደል?» አለች። ከፊል እውነት አላት። ባለሙያዋ እንዳለችው መታጠቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደገፍ ያደርጋል፤ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ግን ግፊቱን ቁልቁል ወደ ዳሌ ወለል ይልከዋል፤ የውስጡን መቀነት ሥራም ሊሠራለት አይችልም።

ከትንፋሹ ወደ ተረከዝ ማንሸራተት፣ ከዚያ ዳሌን ከምንጣፍ ወደ ማንሣት፣ በኋላም ቆሞ ወደሚሠራው ተሻገርን። የሆዴ መሐል በሾለ ቁጥር እንቅስቃሴው ገና ከብዶኛል ማለት ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስ ነበር።

ፈተናው ግን ምንጣፉ ላይ አልነበረም። እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲጠፋ ከታች ቀድተን አራተኛ ፎቅ ድረስ እንሸከማለን። አንድ ሙሉ ጀሪካን 20 ሊትር ነው፤ 20 ኪሎ ማለት ነው። ይህን ለባለሙያዋ ስነግራት «አትሸከሚ» ብላ አላሰናበተችኝም፤ የክፍሉን ወንበር እንደ ጀሪካን አድርጋ አነሣሡን አሳየችኝ፤ በዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ጀሪካኑ ግማሽ ብቻ ይሞላል፤ ወደ ሰውነት ይጠጋል፤ ትንፋሽ መውጣት ከጀመረ በኋላ ነው ከመሬት የሚነሣው። ሙሉውን ባለቤቴ ይሸከማል። ከአልጋ የምነሣው ወደ ጎን ተገልብጬ በክንዴ ተደግፌ ነው። ልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ከመሬት አንሥቼ በርጩማ ላይ አደረግሁት። ሆድ ድርቀት እንዳያስምጠኝም ጠዋት ጠዋት ተልባ እጠጣለሁ። ከስፖርቱ ይልቅ እነዚህ ጥቃቅን ልማዶች የበለጠ እንደጠቀሙኝ አምናለሁ፤ ስፖርቱ በቀን 30 ደቂቃ ነው፣ ቀሪው ቀን ሁሉ ግን ማንሣትና ማጎንበስ ነው።

አሁንም የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ልጄን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ወስጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ እሷ ተመዝናለች፣ ተከትባለች፤ እኔን ግን ሆድሽ እንዴት ነው ያለኝ አልነበረም። ሥራ የበዛባቸውን ባለሙያዎች ልወቅስ አልፈልግም፤ ነገር ግን እናትን አስተኝቶ በሁለት ጣት መለካት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ በ14ኛው ሳምንት እኔ ወደ ሥራዬ ተመልሼ ስለነበር፣ ቀደም ብሎ የነገረኝ ቢኖር የመጀመሪያውን ልምምድ ገና እቤት ሳለሁ በጀመርሁት ነበር።

ሐሙስ የ9 ወር የኩፍኝ ክትባቷ ነው። ተራ ስንጠብቅ ከጎኔ ለምትቀመጠው አራስ እንዴት እንደሚለካ አሳያታለሁ፤ ክትባት የምትሰጠንንም ሲስተር፣ ፈቃዷ ከሆነ፣ ከሚዛኑ አጠገብ ላለው አልጋ አንድ ምንጣፍ ላመጣላት እንደምችል እነግራታለሁ።