ማዳምሽ እግዚአብሔር አይደለችም

ሊባኖስ፣ ቤሩት ከተማ፣ ከቤት ሠራተኝነት ተመልሼ ጎንደር ከገባሁ ወዲህ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይለኛል። «ያን ሁሉ የቻልሽው ለእግዜር ፈቃድ ስለተገዛሽ ነው።» እውነት ነው፣ አልክድም። ግን መገዛት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አንገት ደፍቶ ዝም ማለት ነው። እኔ እዚያ የተማርኩት ሌላ ነው። ይህን የምጽፈው በተለይ ለመሄድ ፓስፖርት ለምታወጡ እህቶቼ ነው።

እማዬ ሊባኖስን የምታውቃት ከመዝሙረ ዳዊት ነበር። ጻድቅ እንደ ሊባኖስ ዝግባ ያድጋል የሚለውን በቃሏ ትደግመዋለች። ልሄድ ስነሣ እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ወስዳ አሳለመችኝ። «መጽሐፍ ላይ ያለ አገር ነው፤ አይከፋሽም» አለችኝ።

የገባሁበት ግን ካፋላ ነው። በዚህ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ነው። ጥለሻት ከወጣሽ ሕገ ወጥ ትሆኛለሽ። ማዳም ፓስፖርቴን ከኤርፖርት ስትረከበኝ ነው የወሰደችው። እሑድ መውጣት የለም። ስልክ የምይዘው እሷ ስትፈቅድ ነው። ደሞዝ አንዳንድ ወር ይመጣል፣ አንዳንድ ወር ይቀራል። እማዬ በስልክ «ልጄ፣ ለፈቃዱ ተገዢ» ትለኛለች። ስልኩን ስዘጋ ማዳም የኩሽናው በር ላይ ቆማ ትእዛዝ ትደረድራለች። ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ ልብ ይደክማል። የእግዚአብሔርና የማዳም ሥልጣን አንድ ይመስላል።

ማታ ሁሉም ሲተኛ ዘፍጥረት አነብ ነበር። ምዕራፍ 16 ላይ አጋርን አገኘኋት። ግብፃዊት ናት፤ ሰው አገር፣ ሰው ቤት የምታገለግል። እመቤቷ ስታስጨንቃት ወደ ምድረ በዳ ጠፋች። ታሪኩን በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። ያኔ ግን ጆሮዬ ያለው አብርሃምና ሣራ ላይ ነበር። አሁን ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጬ ሳነበው የአጋር ሆነ። አብራምና ሦራ (ያኔ ስማቸው ገና አብርሃምና ሣራ አልተባለም) ስለ እሷ ሲነጋገሩ ስሟን አንድም ጊዜ አይጠሩም፤ «ባሪያ» ነው የሚሏት። በስሟ የጠራት መልአኩ ነው። ደግሞም ጠየቃት፦ «ከወዴት መጣሽ? ወዴትስ ትሄጃለሽ?» እኔን በዚያ ቤት ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አጋርም የሚያየኝ አምላክ አለችው። የሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሣሉት መላእክት ትዝ አሉኝ፤ የትም ብትቆሚ ዐይናቸው አንቺ ላይ ነው።

ቀጥሎ ያለው ግን ከበደኝ። መልአኩ ወደ እመቤትሽ ተመለሺ፣ ተገዢላት ይላታል። አለቀስኩ። ስልክ ሳገኝ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። «አባ፣ የእኔም መልስ ይኸው ነው?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «ልጄ፣ ተመለሺ ያላት እግዚአብሔር ነው እንጂ ሦራ አይደለችም። ማዳምሽ እግዚአብሔር አይደለችም። ምዕራፍ 21ንም አንብቢ» አሉኝ።

21 ላይ አጋር እንደገና ምድረ በዳ ናት። ውኃዋ አልቋል፣ ልጇ ሊሞትባት ነው። በዚህ ጊዜ ተመለሺ አላላትም። ዐይኗን ከፈተላት፣ የውኃ ጉድጓድ አየች፣ ልጇን አጠጣች። ወደ ሣራ ቤት አልተመለሰችም። አምላኩ አንድ ነው፤ ያኔ መልሷታል፣ አሁን አሳልፏታል። መቆየቱም መውጣቱም በእሱ ቃል ነው። ሦራ በመካከል ሥልጣን የላትም።

ከዚያ በኋላ ጸሎቴ ተለወጠ። «አውጣኝ» ከሚለው በፊት «ምን ላድርግ?» ማለት ጀመርኩ። ሥራዬን በታማኝነት እሠራለሁ። ያልተከፈለኝን ደሞዝ ደግሞ በየወሩ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በአክብሮት እጠይቃለሁ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የተቀማ የሠራተኛ ደሞዝ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ጌታ ጆሮ ይደርሳል ይላል። ጌታ የሚሰማውን ጩኸት እኔ ለምን ላፍነው?

በ2012 ዓ.ም የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ። ብዙ ማዳሞች ዶላር የለም እያሉ እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው መንገድ ላይ አራገፏቸው። ሐምሌ 28 ቀን ወደቡ ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የኛም ቤት መስኮት አንድ አልቀረም። ከወራት በኋላ ደብተሬን ይዤ ተከራክሬ፣ የተወሰነው ተከፍሎኝ፣ ቲኬት ተቆርጦልኝ ወጣሁ።

አብራኝ የሄደችው የሰፈራችን ልጅ ግን በሕይወት አልተመለሰችም። አስከሬኗ ነው የመጣው።

ጎንደሬ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ በ1880 ዓ.ም የሱዳን ድርቡሽ ጦር ከተማችንን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። ንብ ወጥቶ ጠላትን አባረረ ይባላል። ጥር 7 ለሥላሴ ንግሥ ቆመን ጎረቤቶቼ ይህን አንሥተው «አንቺንም እንዲያ ነው የጠበቀሽ» አሉኝ። የልጅቷ እናት አጠገቤ ናት፤ ትሰማለች። የምገባበት ጠፋኝ። ያኔ እኮ ብዙዎቹ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። እዚያም ይቀደስ ነበር። እዚያም በእንባ የሚለምን ሰው ነበረ።

እሷ ናት ዝምታውን የሰበረችው። «እነ አናንያ ባያድነንም እንኳ አሉ አይደል?» አለች። «እኔም ልጄን ባያወጣልኝም ሌላ ጌታ የለኝም።»

አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤልም ስደተኞች ነበሩ፤ ሰው አገር፣ ሰው ቤተ መንግሥት። ስለ መታመን ከዚህች እናት ቃል የሚበልጥ ከማንም አልሰማሁም። ልጇን እግዜር ፈልጎ ወሰዳት ብላ የገደላትን ኑሮ ከተጠያቂነት ነጻ አላደረገችም። የልጇን ያልተከፈለ ደሞዝ ለማስመለስ ዛሬም ወረቀቷን ይዛ ከቢሮ ቢሮ ትዞራለች። በማግሥቱ ኪዳን ታደርሳለች። ሁለቱ ለእሷ አይጣሉም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ደላላ ያመጣውን ሁሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አትበሉ። «እሱ ካለ ይሆናል» እያላችሁ ያላነበባችሁት ውል ላይ አትፈርሙ። በ2008 ዓ.ም የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ቪዛውንና የደርሶ መልስ ቲኬቱን አሠሪው እንዲከፍል ደንግጓል። የፓስፖርታችሁን ኮፒ ለቤተሰብ ተዉ። ደሞዛችሁን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ መዝግቡ። ስለት ተሳሉ፣ ጸልዩ፣ ንስሐ አባታችሁን አማክሩ። አትሂዱ የሚል ምልክት ልባችሁ ውስጥ ካለም እሱንም ስሙት፤ መቅረትም መታዘዝ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ «እትዬ፣ ይህን ሁሉ ስጠይቅ እንቢ ቢሉኝስ?» አለችኝ። እንቢ ካሉሽ አሁኑኑ ማወቅሽ ይሻላል አልኳት። ነገ ከሥራ በኋላ ውሉን ይዛ ትመጣለች፤ አብረን እናነበዋለን።