አርባ አንድ

ዛሬ ጧት ደሴ ጭጋግ ለብሳለች፤ የጦሳ ተራራ ከነመኖሩም አይታወቅም። እማ አቦሉን ቀድታ ስታቀብለኝ፣ «እንግዲህ አባትህን ደረስክበት» አለችኝ።

ትናንት 41 ዓመት ሞላኝ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የሞተው በ41 ዓመቱ ነው። ያኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሱ ደግሞ በዓይኔ ትልቅ ሰው። አሁን ሳስበው ገና ልጅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ተጠናውቶኛል። የታወቀ ሰው ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው የተወለደበትንና የሞተበትን ዓመት ነው። እቀንሳለሁ። 41 ሲመጣ ልቤ ድንግጥ ይላል።

አበበ ቢቂላ 41 ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1924 ተወልዶ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አረፈ። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው፤ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ። ቶኪዮንም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባስወጣ በሳምንታት ውስጥ ሄዶ ደገመው። እኔን አንጀቴን የሚበላኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መጋቢት 1961 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ያ በእግሩ ዓለምን ያስደነቀ ሰው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወር ያዘ። በ1963 ኖርዌይ ድረስ ሄዶ በረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተወዳድሮ አሸንፏል።

እሱ ባረፈበት ዓመት ወሎ በረሃብ እያለቀ ነበር። እማ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ናት። «የአበበን ሞት መቼ ሰማሽ?» አልኳት። ስኒውን እያለቀለቀች ዝም አለች። ቆይታ፣ «እኛ ያን ጊዜ የራሳችንን እየቀበርን ነበር» አለች። ሌላ አልጠየቅኋትም።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግም 41 ነው፤ 42 ሊሞላው 16 ቀን ሲቀረው እ.ኤ.አ. በ1954 ሞተ። የኮምፒውተርን ሐሳብ ካፈለቁት አንዱ ነው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክት ከፈቱትም ግንባር ቀደሙ። እሱም ማራቶን ሮጧል፤ እ.ኤ.አ. በ1947 በ2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ጨርሷል። ይህን ያነበብኩ ቀን እሱንና አበበን በአንድ መንገድ ላይ ሲሮጡ እያሰብኩ አመሸሁ።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄን ኦስተንም እንዲሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1817፣ በ41። በሕይወት ሳለች ያሳተመቻቸው መጻሕፍት ስሟ አልነበረባቸውም። የመቃብሯ ድንጋይም ደራሲ መሆኗን አያነሳም። በመጨረሻው ዓመት የጀመረችው ልብ ወለድ ጅምሩን ቀረ።

ጅምር ያመኛል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሲሞት ለዒድ ብሎ የጀመረልኝ ኮት ሳይጨርሰው ቀረ፤ እማም ከዚያ ወዲህ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው ኖራለች። ዛሬ በረካው እንደወረደ ሳላስባት ተነስታ አወጣችው። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነው። የቀኝ እጅጌው ሰፋ ሰፋ ባለ ነጭ ክር ተያይዟል፣ የግራው ገና አልገባም። ትከሻው ላይ አባቴ ያሰመረበት ጠመኔ ደብዝዟል፤ ጣቴን ላሳርፍበት ስል እማ እጄን ያዘችኝ።

«እንዳታጠፋው!»

ጭኗ ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ልጅህ 9 ሞላው አይደል?» አለችኝ።

«ሞልቶታል።»

«ይምጣና እስኪ እንለካው።»

ከትምህርት ቤት እስኪመለስ እየጠበቅነው ነው። እማ ክርና መርፌ አቅርባለች።