ዊንዶውስ 11 ካስገባሁ በኋላ እምቢ ያለችው ሞደም፣ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ካበቃ ወዲህ ከማገኘው ሰው ሁሉ የምሰማው አንድ ጥያቄ ነው፣ "11 ካስገባሁ በኋላ ሞደሜ አልሰራ አለ፣ ሞቶ ነው እንዴ?" የኔም እንደዛው ሆኖ ነበር፣ ፍላሽ የምትመስለዋ የድሮ የ3ጂ ዩኤስቢ ሞደም። አሁን ይሄን የምልክላችሁ በሷው ነው። ኮምፒውተር የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ ስራዬ ሂሳብ ነው፣ ይሄን እንደ ሆቢ ነው የያዝኩት፣ ስለዚ የምታውቁ ካላችሁ አርሙኝ።

"ስልክህን ሆትስፖት አድርገህ አትገላገልም እንዴ" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው ለብዙ ሰው ይሄ ይበቃዋል። እኛ ሰፈር ግን መብራት ሲጠፋ የስልክ ባትሪ ለመደወያ ነው የሚፈለገው፣ ሞደሟ ደግሞ ከላፕቶፑ ባትሪ ትንሽ ነው የምትወስደው፣ ከዛ በላይ ደግሞ ኔትወርኩ ደህና የሚሆነው መስኮቱ ጋ ብቻ ስለሆነ በዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ አድርጌ መጋረጃው ላይ ሰቅያታለሁ፣ ስልኬን እዛ ሰቅዬ ልውል አልችልም።

ወደ ጉዳዩ። አፕግሬድ ካደረግኩ በኋላ ሞደሟን ስሰካ መብራቷ ይበራል፣ "ዚስ ፒሲ" ውስጥ እንደ ሲዲ ሆና ትመጣለች፣ የድሮው መደወያ ፕሮግራም ደግሞ ይከፈትና ዲቫይስ የለም ይላል። ሰፈር ያለ ጥገና ቤት ወሰድኳት፣ ልጁ አንዴ ሰክቶ አየና "ሞታለች፣ ራውተር ይግዙ" አለኝ። መብራቷ እየበራ ሲዲዋ እየታየ እንዴት ሞተች? ይሄ ነገር ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ።

ለካ እነዚህ ሞደሞች ሁለት መልክ ነው ያላቸው። መጀመሪያ ስትሰካት "እኔ ሲዲ ነኝ" ብላ ነው ለኮምፒውተሩ የምትናገረው፣ ምክንያቱም ድራይቨሩ (ዊንዶውሱ ከእቃው ጋ የሚግባባበት ትንሽ ፕሮግራም) እና መደወያ ፕሮግራሙ እዛው ውስጧ ስለተቀመጡ ኢንተርኔት የሌለው ሰው ከራሷ ላይ እንዲጭን ታስቦ ነው፣ ጥሩ ሀሳብ ነው መቼም። ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ አንድ ትእዛዝ ይልክላታል፣ ያኔ ሲዲነቱን ትታ ሞደም ትሆናለች፣ ባለሙያዎቹ ሞድ ስዊች ይሉታል። ስለዚ አፕግሬድ ሲደረግ ያን ትእዛዝ የሚልከው ነገር ከተበላሸ ሞደሟ ሲዲ እንደሆነች ትቀራለች፣ እቃው ጤነኛ ነው ማለት ነው፣ የሚነግራት ጠፍቶ ነው። አንዳንዱ ሞደም ሲዲው ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ ኢጀክት ስትለው ብቻ ራሱ ይቀየራል፣ ይሄን መጀመሪያ ሞክሩት ምንም አያስከፍልም። የኔዋ በዚ አልተቀየረችም።

እውነት ጤነኛ መሆኗን ለማረጋገጥ ያደረግኩት ነገር ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል። ኡቡንቱን (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሰራ የሊኑክስ ሲስተም ነው) ፍላሽ ላይ አድርጌ ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሳሁት፣ ምንም ኢንስቶል ሳላደርግ "ትራይ" የሚለውን ብቻ። ሞደሟን ሰካሁ፣ ትንሽ ቆየች፣ ከዛ ኔትወርክ ቦታ ላይ ሞባይል ብሮድባንድ ብላ መጣች። ሊኑክስ ውስጥ ይሄን ሞድ ስዊች የሚሰራ ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ የብዙ ሞደሞችን መለያ ቁጥር ከነትእዛዛቸው ይዟል። ኤፒኤኑን (ሞደሟ ወደ ኦፕሬተሩ ኢንተርኔት የምትገባበትን ስም) ሞላሁ፣ ገባች። ስለዚ ሞታለች ለተባላችሁ ሁሉ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ፣ ሊኑክስ ላይ ከሰራች ችግሩ የዊንዶውሱ ነው፣ እዛም ካልታየች ያኔ ስለ አዲስ ማሰብ ነው።

አሁን ዊንዶውሱ ላይ ተመለስኩ። ዲቫይስ ማናጀር (የኮምፒውተሩ እቃዎች ዝርዝር የሚታይበት) ስትከፍቱ ቢጫ ምልክት ያለበትን ደብል ክሊክ አድርጉና "ኮድ" የሚለውን ቁጥር አንብቡ፣ ሰው ሁሉ ቢጫውን አይቶ ይዘጋዋል፣ ዋናው ወሬ ግን ቁጥሩ ላይ ነው። 28 ከሆነ ድራይቨር ጭራሽ የለም፣ 52 ከሆነ ድራይቨሩ አለ ግን ዊንዶውሱ ዲጂታል ፊርማውን ማረጋገጥ አልቻለም፣ 10 ከሆነ ዲቫይሱ መነሳት አቅቶታል፣ 39 ደግሞ ድራይቨሩ ተበላሽቷል ወይ እንዳይገባ ተከልክሏል ማለት ነው፣ ወደ 39 እመለስበታለሁ። የኔው 28 ነበር።

ድራይቨር ከየት ይምጣ ነው እንግዲህ። ሞደሟ ውስጥ ያለው ያረጀ ነው፣ ኢንተርኔት ደግሞ የለኝም ምክንያቱም ኢንተርኔቴ ሞደሟ ነች 😂። እዚ ጋ ነው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ያለው። ፎርማት ሳይሆን አፕግሬድ ስታደርጉ አሮጌው ዊንዶውስ ሲ ድራይቭ ላይ "ዊንዶውስ.ኦልድ" በሚባል ፎልደር ይቀመጣል፣ ድሮ ትሰራበት የነበረው ድራይቨርም እዛው አለ፣ ዊንዶውስ፣ ከዛ ሲስተም32፣ ከዛ ድራይቨርስቶር፣ ከዛ ፋይልሪፖዚተሪ እያላችሁ ግቡ። ዲቫይስ ማናጀር ላይ አፕዴት ድራይቨር በሉና ኮምፒውተሬ ላይ ፈልግ የሚለውን መርጣችሁ ወደዛ ፎልደር ምሩት፣ ሰብፎልደሮችንም ይይ የሚለውን ቲክ አድርጉ። ችኮላ ግን ያስፈልጋል፣ ያ ፎልደር 10 ቀን ከሞላው ዊንዶውሱ ራሱ ያጠፋዋል። ገና አፕግሬድ ያላደረጋችሁ ደግሞ የበለጠ እድለኛ ናችሁ፣ "ፒኤንፒ-ዩቲል" በሚባለው ትእዛዝ ያላችሁን ድራይቨር በሙሉ ወደ አንድ ፎልደር ኤክስፖርት አድርጋችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። ፎርማት ላስደረጋችሁ ግን የድሮው ነገር የለም፣ ስልካችሁን በገመድ ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ማጋራት) አብሩና ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ "ኦፕሽናል አፕዴትስ" የሚለው ስር ድራይቨር ካለ እዩ።

አንድ ነገር እዚ ላይ፣ ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ነው፣ 32 ቢት የሚባል የለውም። ስለዚ ድሮ 32 ቢት ላይ ስትሰሩበት የነበረውን ድራይቨር ይዛችሁ ብትመጡ አይገባም፣ በጉልበት የሚሆን ነገር አይደለም።

ድራይቨሩ ገባ፣ ሞደሟ "ሞደምስ" የሚለው ስር ታየች፣ ፕሮግራሙ ግን አሁንም ዲቫይስ የለም ነው የሚለው። እዚ ጋ ነው ዋናውን ነገር የተረዳሁት፣ ያ ፕሮግራም ጭራሽ አያስፈልግም! ስንት አመት ሙሉ ኢንተርኔቱን የሚያመጣው ያ ባለ ቀለም መስኮት ይመስለኝ ነበር፣ እሱ የሚሰራው ግን ስልክ መደወል ነው፣ ወደ *99# ይደውላል በቃ። መደወሉን ዊንዶውስ ራሱ ይችላል፣ 11 ላይም አልተወገደም። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዳያል-አፕ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ አዲስ ኮኔክሽን ፍጠሩ፣ ስልክ ቁጥር ሲላችሁ *99# ጻፉ፣ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ባዶ ተዉት።

ኤፒኤን የት ይገባል ትሉ ይሆናል፣ እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነው ምክንያቱም ዳያል-አፑ ላይ ቦታ የለውም። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ሞደሟን ፕሮፐርቲስ በሉ፣ አድቫንስድ የሚለው ታብ ላይ ተጨማሪ ኢኒሻላይዜሽን ኮማንድ የሚል ሳጥን አለ፣ እዛ ውስጥ ነው። በእንግሊዝኛ ትላልቅ ፊደል ኤ-ቲ፣ የመደመር ምልክት፣ ሲ-ጂ-ዲ-ሲ-ኦ-ኤን-ቲ፣ እኩል ይሆናል፣ 1፣ ኮማ፣ በጥቅስ ውስጥ አይ-ፒ፣ ኮማ፣ ከዛ በጥቅስ ውስጥ ኤፒኤኑ፣ ምንም ስፔስ ሳይገባበት። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ለያዘ ኢቲሲ ዶት ኮም ነው በትንንሽ ፊደል። ሌላ አገር ያላችሁ የራሳችሁን ኦፕሬተር ጠይቁ። ኦኬ ብላችሁ ሞደሟን ነቅላችሁ ሰክታችሁ ኮኔክት በሉ።

መጀመሪያ ኤረር 633 አለኝ፣ ሞደሙ ተይዟል ወይ በትክክል አልተዋቀረም የሚል። የተያዘው በዛው በድሮው ፕሮግራም ነበር፣ ከኋላ ተደብቆ ፖርቱን ይዞ ቁጭ ብሏል። ፕሮግራሙን አራገፍኩት፣ ድራይቨሩን ይዞ እንዳይሄድ ስለፈራሁ መጀመሪያ ኮፒ አስቀምጬ። ከዛ ገባች። ገጽ ሲከፈት ብቻዬን ቤት ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ፕሮግራሙን በመተው የሚቀር ነገር አለ፣ ሂሳብ ለማየት *804# ከኮምፒውተሩ መደወል አይቻልም፣ ኤስኤምኤስም አይነበብም። እኔ ሲሙን አንዳንዴ አውጥቼ ስልክ ላይ ነው የማየው። ያናድዳል ግን ይቻላል።

አሁን ወደ ኮድ 39። ይሄ የእህቴ ላፕቶፕ ነው፣ አዲስ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 ይዞ ነው የመጣው። ያንኑ ድራይቨር ብንጭነው እምቢ አለ። ምክንያቱ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ዲቫይስ ሴኩሪቲ፣ ኮር አይሶሌሽን ስር "ሜሞሪ ኢንተግሪቲ" የሚባል ጥበቃ አለ፣ አዲስ ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ በርቶ ነው የሚመጣው፣ የድሮ ድራይቨሮችን የሚያግደው እሱ ነው። ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ልታበሩት ስትሉ የማይስማሙትን ድራይቨሮች ስም ዘርዝሮ ያሳያችኋል፣ የሞደም ድራይቨሮች እዛ ዝርዝር ላይ አይጠፉም። አጥፍቶ መጫን ይቻላል፣ ብዙ ቪዲዮም እንደዛ ነው የሚያስተምረው። እህቴ ግን የባንክ ስራዋን ሁሉ በዛ ላፕቶፕ ነው የምትሰራው፣ ለአንድ አሮጌ ሞደም ብዬ የጥበቃ በር ክፈቺ ልላት አልፈለግኩም። ሪስታርት ሲደረግ 7 ተጭኖ የፊርማ ቁጥጥርን ማለፍ የሚባለውም የሚሰራው እስከሚቀጥለው ሪስታርት ድረስ ብቻ ነው፣ የየቀን ኑሮ አይሆንም።

ለሷ ያገኘነው መፍትሄ ሃይሊንክ የሚባለውን አይነት ሞደም ነው፣ ሁለተኛ እጅ። ይሄኛው ራሱ ውስጡ ትንሽ ራውተር ነው፣ መደወሉን ራሱ ይጨርሳል፣ ኮምፒውተሩ የሚያየው እንደ ኔትወርክ ገመድ ነው። የራሱ ድራይቨር አይፈልግም፣ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ይበቃዋል። ብሮውዘር ላይ 192.168.8.1 ስትሉ ገጹ ይከፈታል፣ ኤስኤምኤስም እዛው ይነበባል። አንዳንዴ ዊንዶውሱ ተሳስቶ "ዩኤስቢ ሲሪያል ዲቫይስ" ብሎ ይመዘግበዋል፣ ያኔ አፕዴት ድራይቨር፣ ከዝርዝር ልምረጥ፣ ኔትወርክ አዳፕተርስ፣ ማይክሮሶፍት፣ "ሪሞት ኤንዲስ ኮምፓቲብል ዲቫይስ" የሚለውን ስጡት።

ግን ተጠንቀቁ! እንደ ገመድ ስለሚያየው ያልተገደበ ኢንተርኔት ነው ብሎ ያስባል። እህቴ ፓኬጅ ሞልታ ተኛች፣ ጠዋት ስትነሳ ዊንዶውሱ አፕዴቱን ሲያወርድ አድሮ ፓኬጁ አልቋል፣ "አንተ ነህ ያስጨረስከኝ" ብላ ስንት ቀን አኮረፈችኝ። ሴቲንግስ ውስጥ ኢተርኔት የሚለው ስር "ሜተርድ ኮኔክሽን" (ኢንተርኔቱ የተገደበ ነው ማለት ነው) የሚለውን ኦን አድርጉት፣ መጀመሪያ እሱን፣ ከዛ ነው ፓኬጅ የሚሞላው።

ሌሎች ያየኋቸው ነገሮች፣ ሞደሙ እየተቆራረጠ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ "ዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድ" የሚለውን ፓወር ኦፕሽን ውስጥ አጥፉት፣ ረጅም ርካሽ ማራዘሚያም ሃይል ይቀንስባታል፣ የኔን በአጭር ስቀይረው ለውጥ አይቻለሁ። ማክ ያላችሁ ደግሞ፣ በ2019 የወጣው ካታሊና የሚባለው የማክ ሲስተም 32 ቢት ፕሮግራሞችን በሙሉ ስላስወገደ የድሮ መደወያዎች እዛ ላይ ያበቁት ያኔ ነው፣ ሃይሊንክ አይነቱ ይሻላችኋል። ከአሜሪካ ዘመድ ሞደም የሚልክላችሁ ካለ ለአንድ ኦፕሬተር የተቆለፈ አለመሆኑን አስጠይቁ፣ የኛን ሲም ስታስገቡ ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ የዊንዶውስ ጉዳይ አይደለም። እዛው አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የ3ጂ ሞደም አውጥታችሁ አትልፉ፣ ትልልቆቹ ኦፕሬተሮች 3ጂውን በ2022 ዘግተውታል፣ ድራይቨር ብትቀያይሩ ምንም አይመጣም።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው፣ ላፕቶፑ ስሊፕ አድርጎ ሲነሳ ኮኔክሽኑ ይቋረጣል፣ እንደገና ኮኔክት ስለው 633 ይመጣል፣ ሞደሟን ነቅዬ መሰካት አለብኝ፣ እሷ ደግሞ መጋረጃው ላይ ነች። "ራስዳያል" የሚባል ትእዛዝ አለ፣ የኮኔክሽኑን ስም ስትሰጡት ይደውላል፣ ታስክ ስኬጁለር (ትእዛዞችን በራሱ የሚያስነሳው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ውስጥ አስገብቼ ከስሊፕ ሲነሳ መጀመሪያ ዲቫይሱን ዲሴብል ኢኔብል አድርጎ ከዛ እንዲደውል እየሞከርኩ ነው። መደወሉ ሰርቷል፣ ዲሴብል ኢኔብሉ ግን አንዳንዴ ሲዲ ሆና እንድትመለስ እያደረጋት ነው። ይሄን ያለፈ ሰው ካለ በምን እንደፈታው ይንገረኝ።