ይርጋ የሚለውን ቃል ለእናቴ ስተረጕም

ትናንት ማታ «ዘ ኪፐርስ» የተሰኘውን ባለ7 ክፍል ዘጋቢ ፊልም ከእናቴ ጋር ስመለከት እንግሊዝኛውን እየተረጐምኩላት ነበር። ታሪኩ እኛ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው ባልቲሞር፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ተገደሉት የ26 ዓመት መነኩሲትና መምህርት፣ ስለ ሲስተር ካትሪን ሴስኒክ ነው፤ ገዳያቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከተማሪዎቻቸው አንዷ፣ በትምህርት ቤቱ ካህን የሚደርስባትን ወሲባዊ በደል ሲስተሯ ራሳቸው ጠርጥረው በእርጋታ እንደ ጠየቋት ስትናገር እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

የከበደኝ ግን፣ በካህኑ ተበድለናል ያሉ ሁለት ሴቶች በ1994 የመሠረቱት ክስ በይርጋ መዘጋቱን መተርጐም ነበር።

«ይርጋ ምንድን ነው ልጄ?»

ጊዜው አልፏል ማለት እንደ ሆነ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ታዲያ ሕፃን ልጅ መቼ ነው የሚናገረው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ባልቲሞር የምትገኝባት የሜሪላንድ ግዛት ይህን የጊዜ ገደብ ያነሣችው በ2023 ነው፤ በዚያው ዓመት የወጣው የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሪፖርት በባልቲሞር የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ከ600 በላይ ተበዳዮችን ቆጥሯል። ካህንን እንደ አባት አክብረን ያደግን እኛም፣ ልጆቻችንን እንደ ሲስተሯ ቀርበን ጠይቀናቸው እናውቃለን ወይ?

እናቴ ዛሬ ጠዋት የሲስተሯን ስም ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ በጸሎቷ ልታስባቸው።