ካንሃ፦ ታይገሩ ስሙን ይዟል፣ መስኩ የባራሲንጋው ነው

ታኅሣሥ ላይ ካንሃ ይበርዳል። ሕንድ ሲባል ሙቀት ብቻ ለሚታየው ሰው ይህን አስቀድሜ ልንገር። ገና ሳይነጋ ካቲያ በሚባለው የፓርኩ በር ላይ ተሰልፈናል። ጂፕሲ የሚሏት መኪና ጣሪያም መስኮትም የላትም። የሎጁ ሰዎች ብርድ ልብስ ሰጥተውናል፤ እኔ ከላዩ ጋቢዬን ደረብኩበት። ሾፌሩ የጋቢውን ጫፍ በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገና "ጥጥ ነው አይደል?" አለኝ። የጥጥ አገር ሰው አይሸወድም።

ካንሃ ያለው ማድህያ ፕራዴሽ ግዛት፣ ሕንድ መሃል ላይ ነው። ከናግፑር በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። በ1955 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1973 መንግሥት ታይገሮችን ለማዳን ሲነሳ ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቦታዎች አንዱም ካንሃ ነበር። ያኔ በመላው ሕንድ የተቆጠሩት ታይገሮች 1,827 ብቻ ነበሩ። በ2022 ግምቱ 3,682 ደርሷል።

አስጎብኚያችን ጠና ያሉ የባይጋ ሰው ናቸው። ባይጋዎች የዚህ ጫካ የጥንት ነዋሪዎች ናቸው። መኪናው ቀጥ ቀጥ ባሉት የሳል ዛፎች መሃል ትንሽ እንደሄደ ሞተሩን አስጠፉት። ከዛፍ ላይ ላንጉር ጦጣ ይጮሃል፤ ታይገር ቀርቧል ማለት ሊሆን ይችላል። ነጠብጣቡ አጋዘን፣ ቺታል፣ ይመልስለታል። ጦጣውና ቺታሉ ወዳጆች ናቸው፤ ያ ከላይ ቅጠል ያረግፍለታል፣ ይሄ ከታች ጠረን ያነፈንፍለታል።

"እንሂድ?" አልኳቸው።

"ቆይ ሰር። ቺታል በትንሽ በትልቁ ይደነግጣል። ትልቁ አጋዘን፣ ሳምባር፣ ሲጮህ ነው የሚታመነው።"

ሳምባሩ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የሆነው እንኳን ለጫካ ለመርካቶም ይበዛል። ጂፕሲዎቹ ከየት መጡ ሳይባል አንድ ቦታ ተከመሩ። ሾፌሮቹ ይጯጯሃሉ፣ ሰዉ ወንበር ላይ ቆሟል። ሴቷ ታይገር ከቁጥቋጦው ወጣች፣ መንገዱን ተሻገረች፣ ወደ ማንም ዞር ሳትል ገባች። ታምራለች፣ አይካድም። ትከሻዋ ሲሄድ ተራ በተራ ከፍ ዝቅ ይላል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ ጠዋት ያልወደድኩት ሰዓት እሱ ነው። ካንሃ ውስጥ ወደ መቶ ገደማ ታይገሮች አሉ፤ ሰው የሚተራመሰው ግን አንዷ ላይ ነው።

መስኩ ላይ ስንደርስ ማንም አልነበረም። ጉሙ ገና አልተነሳም። ከጉሙ ውስጥ ቀንድ ብቻ ይታያል፤ ቅርንጫፉ የበዛ ትልቅ ቀንድ። ባራሲንጋ የሚባለው አጋዘን ነው። የመራቢያ ወቅታቸው ስለሆነ ወንዶቹ ሣሩን በቀንዳቸው እየነቀሉ ያጌጡበታል። አንዱ ከኩሬ ወጣ፤ ከቀንዱ እርጥብ ሣር ተንጠልጥሎ ውሃ ያንጠባጥባል። አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ጮኸ። ደጋግሞ የሚያስተጋባ ድምፅ ነው።

ይህ ዘር በ1970 ሲቆጠር እዚህ የቀሩት 66 ብቻ ነበሩ። ረግረግ ከሚወዱት ዘመዶቹ በተለየ ደረቅ መሬት ላይ የሚኖረው ይሄኛው ዓይነት በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አልተረፈም ነበር። አደኑ ጎዳው። እርሻውና ግጦሹ ሣሩን ወሰደበት። የቀረውም በየዓመቱ ይቃጠል ነበር። ግልገሉ ደግሞ የሚደበቀው ረጅም ሣር ውስጥ ነው። የፓርኩ ሰዎች ሰፊ መስክ አጥረው፣ አውሬ እንዳይገባ ከልክለው፣ ሣሩን አሳደጉ፤ ኩሬም ቆፈሩ። ዛሬ ካንሃ ውስጥ ከ800 በላይ ናቸው። ለኔ ከታይገሩም በላይ የሚያስገርመው ይሄ ነው።

ግን መስኩ ራሱ ከየት መጣ? ብዙው የመንደር እርሻ ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንደሮቹ እየተነሱ ሜዳው ለሣር ተለቀቀ። ባይጋዎች ድሮ በማረሻ አያርሱም ነበር፤ ምድር እናት ናት፣ ደረቷ በብረት አይቀደድም ይላሉ። ጫካ መንጥረው፣ አቃጥለው፣ አመዱ ላይ ዘር ይበትናሉ። ለነሱ ከጫካ መውጣት ቤት መቀየር ብቻ አልነበረም።

አስጎብኚው በእጃቸው አንድ ያረጀ የማንጎ ዛፍ አሳዩኝ። "የአባቴ ደጃፍ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ 'ዘንድሮ አፈራ ወይ?' እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። እኔ ለሥራ ስለምገባ ወሬውን አደርስላቸዋለሁ።"

"ምን ይሏቸው ነበር?"

"አንዳንዴ ጦጣ ጨርሶት አገኛለሁ። እኔ ግን ሁልጊዜ አፍርቷል ነው የምላቸው።"

የኛው ግጭ ትዝ አለኝ። ስሜን ተራሮች ላይ የነበረው የግጭ መንደር በ2016 ተነስቶ ነዋሪው ደባርቅ ወርዷል። ዋልያውም ሣር ይፈልጋል፣ ሰውየውም አገር ነበረው። ካንሃዎች አንድ ነገር ግን ቀድመውናል። ሁሉም ባራሲንጋ አንድ ጫካ ውስጥ ካለ አንድ በሽታ ይጨርሰዋል ብለው ጥቂቱን ወደ ሌሎች ጫካዎች፣ ከ2015 ጀምሮ ወደ ሳትፑራ፣ በ2023 ደግሞ ወደ ባንድሃቭጋር አዛውረዋል። ዋልያ ዱር ውስጥ ያለው አሁንም ስሜን ብቻ ነው።

ስንመለስ ጋውር አየን፤ ነጭ ካልሲ ያጠለቀ ጥቁር በሬ በሉት፣ ቁመቱ ግን ከጂፕሲዋ ይበልጣል። ድብ የቆፈረው ኩይሳም ነበር፣ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ድቡ ራሱ አልታየንም።

መሄድ ያሰበ ካለ፦ ፓርኩ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር በዝናብ ምክንያት ዝግ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላም አይገባም። ፈቃዱን ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት ቁረጡ፣ ፓስፖርት በር ላይ ይታያል። ለባራሲንጋ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ጥሩ ነው። ታይገር ካላየሁ አልመለስም ለሚል ኤፕሪልና ሜይ ይሻላል፤ ውሃው ስለሚደርቅ ኩሬ ዳር ይመጣሉ። ቀን ላይ ያለውን ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆን ሙቀት መቻል ግን የራሳችሁ ፈንታ ነው።