እማማ ያንኮራፋችበት ማስክ

ሐምሌ ላይ ልጄን ይዤ ከቶሮንቶ ድሬ ስገባ ቤት ውስጥ አንድ ሚስጥር ጠበቀኝ። የእህቴ ልጅ ማሙሽ በሚመጣው ሐሙስ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ነው፣ እሱ ግን አያውቅም። አምስት ዓመቱ ነው። ሲያለቅስና ሲያስል ብሽሽቱ ላይ ወጣ የሚል እብጠት አለው። ሐኪሙ ሄርኒያ ነው አለ፣ እናቴ ቡአ ነው ትላለች፣ ያው ነው። ጠዋት ገብቶ ከሰዓት ቤቱ የሚመለስበት ሥራ ነው።

«እንዳትነግሪው» አለችኝ እናቴ፣ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ። «ሐሙስ ጠዋት ጣፋጭ፣ ሙሸበክ ልንገዛ ነው ብለን ይዘነው እንሄዳለን።»

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ይቺን ውሸት አውቃታለሁ፣ እኔም ዋሽቻታለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት የልጄ ቶንሲል ሲወጣ አራት ዓመቷ ነበር። ስደት ላይ ብቻዬን ነኝ፣ እናት የለች፣ እህት የለች፣ ፈራሁና «ጉሮሮሽን ፎቶ ሊያነሱሽ ነው» አልኳት። እዚያ ሥራዋ ልጆችን ለኦፕራሲዮን ማዘጋጀት ብቻ የሆነ ሴት አለች። አሻንጉሊትና ማስክ ይዛ መጣችና «ዛሬ ምን እንደምናደርግ ታውቂያለሽ?» ስትላት ልጄ ኮራ ብላ «አዎ፣ ፎቶ!» አለች። ሴትዮዋ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በቀረችው ጥቂት ደቂቃ የቻለችውን ነገረቻት፣ ከዚያ ሚዳዞላም የሚባል የሚያረጋጋ ሽሮፕ አጠጧት፣ እንደ ሰከረ ሰው እየሳቀች ገባች። ጉሮሮዋ በሁለት ሳምንት ዳነ። ግን ስንት ወር ሙሉ መኪና ውስጥ በገባን ቁጥር «የት ነው የምንሄደው? እውነቱን ንገሪኝ» ትለኝ ነበር። ዋና ልንሄድ ስንወጣ እንኳ።

ለእናቴ ይሄን ሁሉ ነገርኳት። «እዚህ ካናዳ አይደለም፣ ስድስት ልጅ ሳሳድግ ማንንም አስፈቅጄ ሐኪም ቤት አልወሰድኩም» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔንም ጥርሴን ያስነቀለችኝ በአይስክሬም አታላ ነው፣ ይኸው እስከ ዛሬ የጥርስ ሐኪም ወንበር ሳይ ላብ ያጠምቀኛል። እሱን ሳነሳባት ዝም አለች። እህቴም «በቃ ይነገረው» አለች።

ሰኞ ነገርነው። ለትንሽ ልጅ ሳምንታት ቀድመው ቢነግሩት ሲያስበው ይሰነብታል፣ በር ላይ ቢነግሩት ደግሞ መልመጃ ጊዜ የለውም። ቃል መርጠናል። «ይቀድዱሃል» የለም። «አያምምህም» ማለትም የለም፣ ምክንያቱም ያመዋል። «ሐኪሙ በመድኃኒት ያስተኛሃል፣ ያበጠውን ያስተካክላል፣ ሲጨርስ ትነቃለህ። ስትነቃ ትንሽ ያምሃል፣ ለሱ ማስታገሻ አለ» አልነው። ይሄኛውን እንቅልፍ «የሐኪም እንቅልፍ» ያልነው ማታ መተኛት እንዳይፈራ ብለን ነው። አሰብ አደረገና «እማዬስ የት ትሆናለች?» አለ። ስለ ቢላ አልጠየቀም፣ ስለ ደም አልጠየቀም። ልጁ የፈራው ይሄንን ብቻ ነበር። በሩ ላይ እንደምትጠብቀው ነገረችው።

ከዚያ፣ የሚያስተኛውን መድኃኒት በማስክ ስለሚያስተነፍሱት እንዲለማመድ ብዬ ከፋርማሲ ለአስም የሚሆን የፕላስቲክ ማስክ ገዛሁ። ይሄ ልጅ ቅዳሜ ሐረር ወስደነው በእንጨት ላይ ሥጋ አድርጎ ጅብ ያጎረሰ ነው። ማስኩን ሲያይ ሶፋ ኋላ ገብቶ ተደበቀ! ልጄ «እኔ አድርጌዋለሁ» ብላ ለበሰች፣ አልመጣም። ለአሻንጉሊቱ አደረግንለት፣ አልመጣም። በመጨረሻ እናቴ፣ ያቺው «አትንገሩት» ያለችው፣ ፍራሹ ላይ ጋደም ብላ «በል ና አስተኛኝ አቦ» አለችው። ወጣ። ማስኩን በሁለት እጁ አፏ ላይ ያዘና «እማማ፣ ተንፍሺ» ብሎ መቁጠር ጀመረ። (ድሬ አንቱ ብሎ ነገር የለም፣ አያትም አንቺ ናት።) ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት፣ ሙቀቱ የድሬ ሙቀት፣ ቬንትሌተሩ ይሽከረከራል። አስር ላይ ሲደርስ እናቴ የምሯን ተኝታ አንኮራፋች። ማሙሽ በሳቅ ሞተ። ከዚያ በኋላ ማስኩን ከእጁ ማን ያውጣው። ጎረቤት ሳይቀር አስተኛ።

ረቡዕ ማታ ሌላ ጦርነት። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ምግብና ወተት ቢያንስ 6 ሰዓት ሲቀረው ይቁም፣ ንጹህ ውሃ ግን 2 ሰዓት እስኪቀረው ይጠጣ ብሎናል። ሰመመን ውስጥ ሆኖ ቢያስመልስ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ተራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስለሆነ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቀስቅሰን ውሃ አጠጣነው። እናቴን ጓዳ በር ላይ ቁራሽ ዳቦ በነጠላዋ ሸሽጋ ያዝኳት። «ልጁ በባዶ ሆዱ!» ትለኛለች።

ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ እህቴ እንባዋ ሲመጣ ፊትሽን ታጠቢ ብዬ ላክኋት፣ ልጅ የሚያነበው የእናቱን ፊት ነው። ማሙሽ ሰማያዊ መጫወቻ ባጃጁን ይዞ ገባ። እንዲገባለት ቀድመን ጠይቀን ነበር። ማስኩን ራሱ ነው ያደረገው አሉን።

ሲነቃ ግን ጉድ ነው። ጮኸ፣ ተራገጠ፣ እናቱን እንኳ የለየ አይመስልም። ልጄም እንዲሁ ስለሆነች ለእህቴ ቀድሜ ነግሬያት ነበር፣ መድኃኒቱ እስኪለቅ ነው፣ ይበርዳል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ በረደለት። ዙሪያውን አየ፣ ባጃጁን ፈለገ፣ ከዚያ እናቴን አገኛት።

«እማማ፣ እኔም አንኮራፋሁ?»

«እስከ ከዚራ ሰፈር ነው የተሰማው!» አለችው።

ይቺኛዋን ዝም ብዬ አሳለፍኳት።