አንዱን ምረጪ ይሉኛል

«ቆይ፣ አንቺ ግን ስለ ምንድን ነው የምትጽፊው?» ይለኛል የክፍላችን ልጅ። እሱ ግጥም ብቻ ነው የሚጽፈው፤ ሌላው ሁሉ ለእሱ ወሬ ነው። እኔ ዛሬ ስለ ልብ ወለድ፣ ነገ ስለ መሬት አዋጅ፣ ከነገ ወዲያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እጽፋለሁ። አንባቢ ግራ ይገባዋል ባይ ነው። አንዱን ምረጪና በእሱ ታወቂ።

እሺ፣ ልምረጥ። ግን ከየቱ ልጀምር?

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት አካባቢ። የብሎካችን ጥበቃ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ማታ ከስድስት ኪሎ በሰልፍና በግፊያ ደክሜ ስመለስ በሩ ላይ ቆም ብለን እናወራለን። አንድ ማታ መኪኖቹ የሚቆሙበትን ቦታ በዱላቸው እያሳዩኝ «እዚች ጋ ነበር አውድማችን» አሉኝ። ጤፍ የሚወቃበት። ዱላቸውን ወደ ትራንስፎርመሩ አዙረው ደግሞ የበሬዎቹን በረት አሳዩኝ። ካሳ ተቀብለዋል። የት ደረሰ ስላቸው ሳቅ አሉ፣ «ብር እኮ እግር አለው» ብለው ዝም። አሁን በገዛ አውድማቸው ላይ የሰው ቪትዝ ይጠብቃሉ።

ይሄ የዕለት ኑሮ ነው ወይስ ፖለቲካ?

ቤት ገብቼ ሕጉን አገላበጥኩ። እሳቸው ሲነሱ ይሠራበት የነበረው አዋጅ 455/1997 ነው። ገበሬ ከእርሻው ለዘለቄታው ሲነሳ የመፈናቀያ ካሳው ይሰላ የነበረው ከመነሳቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ የዓመት ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነው። መሬቱስ? መሬቱ ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም የእሳቸው አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ታዲያ የአሥር ዓመት ጤፍ በገንዘብ ተተምኖ አንድ ቀን እጅ ላይ ሲገባ፣ ዕድሜውን ሙሉ አርሶ የኖረ ሰው ምን እንዲያደርገው ነው የተጠበቀው? ሥራ ያስለመደው የለም፣ ሱቅ ክፈት ብሎ ያገዘው የለም። ብሩ እግር ቢያወጣ አይገርመኝም።

የሚገርመኝ የነገሩ መነሻ ነው። በ1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። የካቲት 1967 ላይ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። መሬት ለአራሹ ተብሎ የተጀመረ ነገር ዞሮ ዞሮ አራሹን የፓርኪንግ ጥበቃ አደረገው። ያኔ የነበረው የጭሰኛ ኑሮ ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም፤ እንደዚያ የሚሉትን አልወዳቸውም።

ይህንን እራት ላይ ሳወራ እናቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ደግሞ ጉዱ ካሳ መጣችብን!» እናቴ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ገልጣ አታውቅም። የምታውቀው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው፤ ጉዱ ካሳ ግን እንደ ጎረቤት ሰው ነው የሚታወቃት። እውነት የተናገረ እብድ ይባላል፣ ይሄው ነው ትርጉሙ ለእሷ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው፣ ተማሪዎቹ ሰልፍ በወጡ በዓመቱ። እና ሥነ ጽሑፉን ከፖለቲካው የት ጋ ነው የምቆርጠው?

ስለ ሽንኩርቱ ብዙ አልልም። ዋጋውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ሰሞኑን የሚያብሰለስለኝ ግን እድር ነው። ያነበብኳቸው የአዲስ አበባ ልብ ወለዶች ፒያሳን፣ ውቤ በረሃን፣ አራት ኪሎን ነው የሚዞሩት። ኮንዶሚኒየም የሚባል ነገር የሚያውቅ ገጸ ባሕርይ ብዙም አልገጠመኝም። አሁን ደግሞ መሃል ከተማው ራሱ ወደኛ መጥቷል። በ2016 ፒያሳ አካባቢ ብዙ ሰፈር ሲፈርስ ሰዉ ወደ ዳር ተበተነ። ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት እማማ የዶሮ ማነቂያ ሰው ናቸው። እዚህ ያለው እድር ግቡ ቢላቸው እምቢ አሉ፤ የድሮውን ወርሃዊ ለመክፈል ታክሲ እየቀያየሩ ይሄዳሉ። «አርባ ዓመት የከፈልኩበትን ልተው?» ይላሉ። ነገር ግን የእድሩ አባላት አንዱ አራብሳ፣ አንዱ አባዶ፣ አንዱ ገላን ነው ያለው። እድር አለ፣ ሰፈሩ የለም።

እስቲ አስቡት። ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው የት ነው? አራተኛ ፎቅ ላይ? ወንበሩን ማን ጭኖ ያመጣዋል? ከሁሉ በላይ ግን ጡሩምባ ነፊው። ዱሮ ሌሊት እየዞረ ሲነፋ ሰፈሩ ሁሉ ይነቃ ነበር፣ አሁን መርዶው በቴሌግራም ነው የሚደርሰው። ሰውየው እስካሁን ደሞዝ ይከፈለው ይሆን? የአጭር ልብ ወለዴ ባለታሪክ እሱ ነው፤ አያት ኮንዶሚኒየም አስገብቼዋለሁ፣ ጡሩምባውን ከአልጋ ሥር አስቀምጧል፣ ሚስቱ ለቆራሌው ልሸጠው ነው እያለች ትጨቀጭቀዋለች። ሦስተኛው ገጽ ላይ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ሞቷል፣ እሱም ይንፋ አይንፋ ገና አልወሰነም። እኔም አልወሰንኩም።